የፈረንሳዩ አስፈሪ ፊልም፣ የነገሌ ተመልካችና የጉድጓዱ ተራ



ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ስለ አንድ ፊልም ነው የምጽፈው። «ቲቸር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የፊልም ሐያሲ የሆነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አልሆንኩም። ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚህ ነገሌ፣ እቤቴ፣ አንድ ፊልም እያየን የተባባልነው ነገር ከራሴ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የሰርግ ቪዲዮ እየቀረጸ የሚኖር አንድ ተማሪዬ ለእረፍት መጣ። (ስሙን አልጠራም። ከፈለገ ራሱ ኮመንት ላይ ብቅ ይላል።) ይሄ ልጅ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ «ፊልም እሠራለሁ» የሚል ነው። አሁን ቆርጧል። በስልኩ፣ እዚሁ ነገሌ፣ ባለችው ብር አስፈሪ ፊልም ሊሠራ ነው። «ቲቸር፣ መጀመሪያ ሌሎች በትንሽ ብር ከራሳቸው ተረት ምን እንደሠሩ እንይ» ብሎ በፍላሽ አንድ የፈረንሳይ ፊልም ይዞ መጣ።

ፊልሙ «ብሮሴሊያንድ» ይባላል። ዳግ ሄድላይን የሚባል ዳይሬክተር የሠራው፣ እ.ኤ.አ. የ2000ዎቹ መጀመሪያ ፊልም ነው። ታሪኩ ያለው በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ብሬታኝ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። ሬን ከተማ ያሉ የአርኪዮሎጂ ተማሪዎች፣ ድሩይድ የሚባሉት የጥንት ኬልቶች ካህናት፣ ሳዊን የሚባለው የኬልቶች በዓል (ዛሬ ሃሎዊን የሚሉት የመጣው ከዚያ ነው)፣ ጫካ፣ ከዚያ ግድያ። ብዙ ብር የፈሰሰበት ፊልም አይደለም። በአገሩም ብዙ አድናቂ አላገኘም፤ ብዙ ሰው የአሜሪካ የወጣቶች ግድያ ፊልም ኮፒ አድርጎ ነው ያየው።

እኛ ዘጠኝ ሆነን አየነው። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀመጥን፤ ልጆቹ መሬት፣ ትልልቆቹ ወንበር። ጎረቤቴ ያሉት አዛውንት፣ ሰፈሩ ሁሉ አካኮ የሚላቸው፣ ከሁሉም ፊት ተቀምጠዋል። ልጁ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ እያነበበ ለእሳቸው በኦሮምኛ፣ ለእኛ በአማርኛ ይተረጉማል።

አስተያየቱ ገና ፊልሙ ሳያልቅ ጀመረ። «ይቺ ልጅ ግን ለምንድን ነው ብቻዋን የምትሄደው?» አለ አንዱ። «ሙዚቃው እኮ ገዳዩ ሳይመጣ ይነግረናል፤ ምኑን እንደንግጥ?» አለች ሌላዋ። «ብር አጥሯቸው ነው» አለ ሦስተኛው፤ ይህን ሁሉም ተቀበለው። ሲያስቀን አመሸ። ከዚያ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ስለቆየ ፊልሙም አብሮ ጠፋ።

ጨለማው ውስጥ አካኮ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«እነዚህ ልጆች ምን አጥፍተው ነው የሚሞቱት?»

ልጁ ትንሽ አሰበና «ምንም አላጠፉም አካኮ። አስፈሪ ፊልም ስለሆነ ነው» አላቸው።

«እንግዲያው አያስፈራም» አሉ። «ያሳዝናል እንጂ።»

እኔ ከዚህ የተሻለ የፊልም ሂስ ሰምቼ አላውቅም። ግን በዚህ አላበቁም። ከዚያው ቀጥለው የራሳቸውን ነገሩን። እዚህ የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው።

አካኮ የተወለዱት ዱብሉክ በኩል፣ ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች አካባቢ ነው። አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፦ ሰዎቹ ጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ባልዲውን ከእጅ እጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃውን ወደ ላይ ያወጡታል። በዘፈናቸው ከብቶቹን ያወድሳሉ። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚቆጣጠር ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። ተራ ተራ ነው። ሀብታም ነኝ፣ ጉልበተኛ ነኝ ማለት አይሠራም።

አካኮ ጎረምሳ ሳሉ፣ በአንድ የድርቅ ዓመት፣ ጥጆቻቸው ሊያልቁባቸው ሆነ። ተራቸው ገና ነው። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሌሊት ተደብቀው ሄዱ። ባለተራው ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ተኝቷል። ጓደኞቻቸው ከታች፣ እሳቸው ከላይ ሆነው መቅዳት ጀመሩ። ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘፍናሉ። ትንሽ ቆይተው ጓደኞቻቸው ደክሟቸው አንድ በአንድ ወጡና አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ሦስታችንም ላይ ነበርን» አሉ አካኮ። «ዘፈኑ ግን ከታች ይመጣል።»

ማንም አልተነፈሰም።

«የሚያወድሰውም የእኔን ከብት አይደለም። የባለተራውን ነው። አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራቸዋል።»

ሸሹ። ሲነጋ አካኮ ራሳቸው ወደ አባ ሄሬጋው ሄደው ያደረጉትን ተናገሩ፤ ተቀጡም። ታሪኩ ይሄው ነው። ደም የለበት፣ ቢላ የለበት፣ ጭራቅ የለበት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሽንት ቤት ለመሄድ የስልኬን ባትሪ አበራሁ ብላችሁ አትሳቁብኝ።

ለምን እንዲህ አስፈራን? ሕጉን ሁላችንም ስለምናውቀው ነው። እዚህ አገር የውሃ ተራ ቀልድ አይደለም። በጥር 1966 እዚሁ ነገሌ የነበሩት ወታደሮች ለምን እንዳመፁ ታሪክ ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፦ ምግቡ መጥፎ ነበር፣ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሸ፣ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ። ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል አግተው ያንኑ ምግብና ውሃ አቀመሷቸው። የአብዮቱን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከዚህ የሚጀምሩት በምክንያት ነው። በቅርቡም አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎብን ከብቱ ሲያልቅ አይተናል። ስለዚህ አካኮ «ተራ ዘለልኩ» ሲሉ ቆሌያችን ተገፈፈ። አስፈሪው ነገር እኛው ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ እሳቸው ቀሰቀሱት እንጂ ከውጭ አላመጡትም።

ከዚያ በኋላ ስለ ብሮሴሊያንድ ጫካ አነበብኩ። የፈረንሳዩን ፊልም ሠሪ ይበልጥ የወቀስኩት ያኔ ነው። እጁ ላይ ምን ነበረ መሰላችሁ! ዛሬ ብሮሴሊያንድ ነው የሚሉት ሬን አጠገብ ያለውን የፓምፖንን ጫካ ነው። እዚያ ባራንቶን የምትባል ምንጭ አለች። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚነገረው ተረት እንዲህ ይላል፦ ከምንጯ ውሃ ቀድቶ አጠገቧ ያለው ድንጋይ ላይ ያፈሰሰ ሰው ማዕበል ያስነሳል። በክሬቲየን ደ ትሯ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ የምንጯ ጠባቂ ፈረሰኛ ይመጣል፤ ጫካዬን ለምን አጠፋህ ብሎ ይጋጠማል። አያችሁ? ሕግ አለ፣ ጥፋት አለ፣ ባለቤት መጥቶ ይጠይቃል። የአካኮ ጉድጓድ ማለት እኮ ነው! በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንኳ ድርቅ ሲጠና የአካባቢው ምእመናን ከነቄሳቸው ወደዚች ምንጭ ወጥተው ዝናብ ለምነዋል።

በዚሁ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዋስ የሚባል ጸሐፊ የጫካውን ተአምር ሰምቶ በዓይኑ ሊያይ ሄዶ ነበር። ዞሮ ዞሮ ምንም አላገኘም። መሄዱንም ሞኝነት ብሎ በጽሑፉ አስቀረው። ለብሮሴሊያንድ የመጀመሪያውን መጥፎ አስተያየት የሰጠው ተመልካች እሱ ይመስለኛል። ፊልም ሠሪው ግን ከዋስም ባሰ። የጫካውን ስም ወሰደ፣ ድሩይዶቹን ወሰደ፣ በዓሉን ወሰደ፤ ሕጉን ትቶት ሄደ። ከዚያ የቀረው ወጣቶችን የሚገድል ገዳይ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሆሊውድ ሞልቷል።

ስለዚህ «ብር አጥሯቸው ነው» የሚለውን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» አስቡ። ሦስት ወጣቶች ካሜራ ይዘው ጫካ ውስጥ ይጠፋሉ፤ ቀረጻው የፈጀው ስምንት ቀን ያህል ነው፤ ወጪው በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነበር። ጠንቋይዋ አንድ ጊዜ እንኳ አትታይም። በዓለም ሲኒማ ቤቶች ከ240 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከእኛም አገር ላምጣ፦ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ክራምብስ» ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ፣ በትንሽ ወጪ የተሠራ ፊልም ነው፤ መሪ ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ ነው። የዓለም ፌስቲቫሎችን ዞሯል። ለተማሪዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። «ስልክህ ይበቃሃል፤ አትፍራ» አልኩት። ደስ አለው። ደስ ሲለው ጊዜ የራሱን ጽሑፍ አውጥቶ በስልኩ መብራት ያነብልን ጀመር።

ወደ ዋናው ነገሬ አሁን ደረስኩ።

የልጁ ታሪክ አያቱ የነገረችው ነው። አያቱ በጃንሆይ ጊዜ ከወታደር ባሏ ጋር ከሰሜን የመጣች ሴት ነበረች። በታሪኩ ውስጥ ከከተማው ዳር የምትኖር የቀጥቃጭ ሚስት አለች፤ ባሏ ሞቷል። ቀን ቀን ቢላ ትሸጣለች። ሌሊት ሌሊት ጅብ ትሆናለች። ቡዳ ናት። ልጆች ይጠፋሉ። በመጨረሻ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ቤቷን ያቃጥላል፤ እሳቱ ውስጥ የጅብ ድምፅ ይሰማል።

ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው። እውነቴን ነው። የእሳቱ ቦታ ሲደርስ አንዳንዶቹ እፍፍ አሉ።

በር አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ነበረች። እሷም ተማሪዬ ናት፤ አሁን መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አባቷ ነፍሱን ይማረውና ቢላና የእጅ አምባር የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር፤ ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ቱምቱ የሚሉት። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ ሁሉም አጨበጨበ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። በጣም በቀስታ፣ ሳትቆጣ፣ እንዲህ አለች፦

«ቲቸር፣ እናንተ ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ የምሄደው ወደዛች ሴትዮ ቤት ነው።»

ደህና እደሩ ብላ ወጣች።

ወዳጆቼ፣ አስተያየቴ የሚጀምረው ከዚህች ልጅ ንግግር ነው። የፈረንሳዩ ፊልም መጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማንንም አልጎዳም። ድሩይዶቹ ከሞቱ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የድሩይድ ልጅ ነህ ተብሎ ሬን ከተማ ውስጥ ቤት የሚከለከል ሰው የለም። የእኛ «ጭራቅ» ግን ጎረቤት ናት። ገበያ እንገናኛለን፤ መድኃኒት የምትሰጠን እሷ ናት። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ በጎንደር በኩል ደግሞ ቤተ እስራኤሉን ስንቱ ትውልድ ቡዳ እያለ ሲያሳድድ ኖረ! ማረሻውን ከእጁ እንቀበላለን፤ ማዕዱን ግን እንጸየፋለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለሙያን በሙያው የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር ቢሰድ ነው?

የፈጠራ ተረት እንኳ ዋጋ የሚያስከፍለው ሰው አያጣም። ቅድም የጠቀስኩት የአሜሪካ ፊልም በርኪትስቪል በምትባል በእውነት ባለች ትንሽ ከተማ ስም የተሠራ ነው። ጠንቋይዋ ሙሉ በሙሉ የተፈጠረች ናት፤ ከፊልሙ በፊት እንዲህ ያለ ተረት እዚያ አልነበረም። ይሁን እንጂ ፊልሙ ሲወጣ ስንቱ ሰው ወደ ከተማዋ ጎረፈ፤ የከተማዋን የስም ሰሌዳ ሳይቀር ነቅለው ወሰዱ። ነዋሪው ተማረረ። ያልነበረች ጠንቋይ ይህን ካደረገች፣ ስሟንና ቤቷን የምናውቃት ሴት ምን ይደርስባታል?

ልጁ በማግስቱ ሲከራከረኝ ዋለ፤ ክርክሩ ቀላል አይደለም። «ቲቸር፣ ተረት እኮ ተረት ነው። አያቴ የነገረችኝን ነው። እኔ ካልሠራሁት ማን ይሠራዋል? የሚያስከፋውን ሁሉ ካወጣንማ ምን ይቀረናል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ተረቱን ቅበረው አላልኩትም። ቡዳ የሚለው ነገር በውስጣችን አለ፤ ዝም ስላልነው አይጠፋም። ጥያቄው ካሜራውን የት ትተክላለህ ነው። ከሚያቃጥሉት ጋር ሆነህ ነው ወይስ ከቤቱ ውስጥ? ሩንጋኖ ንዮኒ የምትባል ዛምቢያ የተወለደች ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2017 «አይ አም ኖት ኤ ዊች» የሚል ፊልም ሠርታለች። ጠንቋይ ናት ተብላ ስለተከሰሰች ትንሽ ልጅ ነው። ካሜራው ከልጅቷ ጋር ነው ያለው። በዚያ ፊልም ውስጥ የሚያስፈራው ልጅቷ ሳትሆን ጣቱን የሚቀስረው ሰው ነው።

የልጁን ታሪክ እንዲህ ገልብጣችሁ እዩት፦ ሴትዮዋ ቤቷ ውስጥ ናት። ልጇን አቅፋለች። ውጭ የሰው ድምፅ ይሰማል። ድምፆቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ያኛው ትናንት ቢላ የገዛት ነው፣ ይሄኛው የልጇ አስተማሪ ነው። ችቦ ይዘዋል። ከዚህ በላይ አስፈሪ ፊልም አለ? ወጪው ደግሞ አንድ ክፍልና አንድ ሻማ ነው።

«የልጇ አስተማሪ» ያልኩት በከንቱ አይደለም። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፤ ግን ሳልጽፈው ብቀር ለልጁ የመከርኩት ምክር ሁሉ ውሸት ይሆናል። ያቺ ልጅ ክፍሌ ውስጥ ሳለች፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ሁለት ልጆች «ከእሷ ጋር አንቀመጥም» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃል። እኔ ምን አደረግሁ? ጭቅጭቅ አልፈለግሁም። እሷን አስነስቼ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻዋን አስቀመጥኳት። «እዚህ ይሻልሻል» አልኳት። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ተቀመጠች። እኔ ችቦ አልያዝኩም፤ ቤት አላቃጠልኩም። ግን ተራዋን ወስጄ ለሌላ ሰጠሁባት። አካኮ ያንን የጉድጓዱን ታሪክ ሲናገሩ የመጨረሻው ዴስክ ትዝ አለኝ። እሳቸው በማግስቱ ሄደው ተናገሩ። እኔ ግን ይኸው ስንት ዓመቴ!

ሰኞ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። የተባባልነው በእኔና በእሷ መካከል ይቅር። እዚህ የጻፍኩት ግን አንብባው፣ ይሁን ብላኝ ነው። አንድ መስመር አስወጥታኛለች፤ አንድ ቃል አርማልኛለች። «የቀጥቃጭ ልጅ ያልከውን አታውጣ፤ አላፍርበትም» ብላኛለች።

እንግዲህ ለአንተ ለተማሪዬ፣ በሰው ፊት ልንገርህ። ፊልሙን ሥራው። ብር የለኝም ብለህ አትቅር፤ ከጡረታዬ የቻልኩትን አዋጣለሁ፤ ቤቴንም ለቀረጻ ውሰደው። የአካኮን ጉድጓድ መሥራት ከፈለግህ ሄደህ እሳቸውን አስፈቅድ፤ ታሪኩ የእሳቸው ነው፣ ጉድጓዱም ባለቤት አለው። የሴትዮዋን ታሪክ መሥራት ከፈለግህ ደግሞ ከመቅረጽህ በፊት ጽሑፉን ይዘህ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሂድ። የመጀመሪያዋ ተመልካችህ እሷ ትሁን። እሷ አይታ የፈራችበት ቦታ ካለ፣ ፍርሃቱ ትክክለኛ መሆን አለመሆኑን ጠይቃት። ልትነግርህ ትችላለች፤ ላትፈልግም ትችላለች። ካልፈለገች ደግሞ አትጨቅጭቃት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በየሰፈራችሁ ልጅ ሆናችሁ ያስፈራችሁ ተረት ምን ነበር? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በዚያ ተረት ውስጥ ጭራቁ የተባለው የማን እናት ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። ስድብ የሚጽፍ ካለ ግን አጠፋዋለሁ፤ ይቅርታ።

የፈረንሳዩን ፊልም መጨረሻ እስካሁን አላየነውም። መብራት ሲመጣ አካኮን «እንቀጥል?» ብላቸው «ተወው» አሉኝ። «እነዚያ ልጆች ምንም አላጠፉም። ደህና ገብተዋል በለን።»

ደህና ሁኑልኝ። ከነገሌ።